ልጄን በአንድ ቀን እዩልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባህር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ጋዜጣ ላይ ጽፌ አላውቅም። ትናንት ከልጄ ቀጠሮ ስመለስ የያዘኝ ንዴት ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝ ስላለ ነው ዛሬ የእሷን ደብተር ተውሼ የተቀመጥኩት።

ልጄን ቤት ሚጣ እንላታለን። ስድስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ወገቧ ላይ በስስ ቆዳ የተሸፈነ እብጠት ነበራት። ስፓይና ቢፊዳ ይባላል አሉኝ። ማኅፀን ውስጥ እያለች የጀርባ አጥንቷ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ነርቮቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል ማለት ነው። ጀርባዋን ቀዶ ሕክምና ሠርተው ዘጉላት። ብዙም ሳይቆይ ጭንቅላቷ ውሃ መቋጠር ጀመረ። ይህ በእንዲህ ዓይነት ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚከተል ነገር ነው። ከጭንቅላቷ ተነስቶ በቆዳዋ ሥር ወደ ሆዷ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። ትርፉ ውሃ በእሱ ይወርዳል። ሻንት ይሉታል።

በዚህች ቃል ልጄን ላጣት ነበር። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣን በችኮላ «ሻንቷ ከተዘጋ ቶሎ አምጫት» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ሽንቷ» ብሎ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዳይፐሯን እያየሁ፣ ተመስገን ሽንቷ ይወርዳል እያልኩ ኖርኩ። አንድ ሰሞን ማስመለስ ጀመረች። ጡት አልይዝ አለች፣ እንቅልፍ አበዛች፣ ዓይኗም ወደ ታች እያዘቀዘቀ ቀረ። ብርድ ነው ብዬ በፎጣ ጠቀለልኳት። እርግብግቢቷ አብጦ መወጠሩን ያየችው ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ናት እየጮኸች ባጃጅ ያስቆመችው። ደረስንላት፣ ቱቦውም ተቀየረ። ያን ቀን ብንዘገይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ሻንት ያለበት ልጃችሁ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። ከኋላዬ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሰው አይቻለሁ። ግን አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ስሎ ቢያሳየኝ ይበቃኝ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ሥዕል ይገባኛል።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። የሚጣ ጭንቅላት የሚታየው ማክሰኞ ነው። ኩላሊቷና የሽንት ፊኛዋ ሐሙስ። የሕፃናት ሐኪም ሌላ ቀን፣ ፊዚዮቴራፒዋና እግሯ ላይ የሚታሰረው መደገፊያ ደግሞ ሌላ ግቢ። በእያንዳንዱ ቀን ከሁለት ሰዓት በፊት ካርድ ክፍል እሰለፋለሁ፣ ካርዷ ይፈለጋል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሲጠፋ አዲስ ይወጣል፤ አዲሱ ውስጥ ያለፉት ስድስት ዓመታት የሉም። ከዚያ ለአዲሱ ሐኪም ከመጀመሪያው ጀምሬ እተርካለሁ። መቼ ተወለደች፣ ስንቴ ቀዶ ሕክምና ተሠራላት፣ ምን ትወስዳለች። ልጅቷ እዚያው ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ራሷ ስትሰማ ትውላለች። በቀደም ለሐኪሙ ራሷ ጀመረችለት። «ስወለድ ጀርባዬ ክፍት ነበር» አለች፣ እንደ ቃል ጥናት። ለካ በቃሏ ይዛዋለች። እዚያው አለቀስኩ።

ትናንት ደግሞ አራት ሰዓት ጠብቀን ሐኪሙ ስብሰባ ገብቷል ተባልን። ለሦስት ሳምንት ተቀጠርን። የባጃጅ ሂሳቡ ይቅር። ጉሊቴ አልተከፈተም፣ ሚጣም ከትምህርት ቀርታለች። በዚህ ወር ብቻ አምስተኛ ቀኗ ነው። መምህሯ ጥሩ ሴት ናት፤ ግን እስከ መቼ ታስጠናልኛለች?

እንደ ሚጣ ያለ ልጅ ተቆራርጦ ሲታይ አደጋም አለው። የፊኛዋ ነርቭ በደንብ አይሠራም። ሽንቷ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ሲጠራቀም ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት ደግሞ ምንም ሳያሳምም ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል። መከላከያው ቀላል ነው። በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ካቴተር የሚባል ንጹሕ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫዋ አስገብቶ ሽንቱን ማስወጣትና ቱቦውን ወዲያው ማውጣት ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሲስተር ናት፣ በግማሽ ሰዓት። እጄን ይዛ፣ አትፍሪ እያለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ ትልቁ ያች ግማሽ ሰዓት ናት። ሚጣ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የጭንቅላቱ ሐኪም የፊኛው ነግሯታል ይላል፣ የፊኛው ደግሞ ገና ወደ እሱ አልተላክንም ነበር።

ሌላም አለ። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ላቴክስ የሚባለው ጎማ አይስማማቸውም፤ የሐኪም ጓንትም ፊኛ መጫወቻም ከእሱ ይሠራል። ይህን ለእያንዳንዱ ክፍል እየዞርኩ የምናገረው እኔ ነኝ። እኔ ባልኖርስ? ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ ምን ይከብዳል?

እግሯ ደግሞ አይሰማትም። አምና ቡና ሳፈላ ተረከዟ ከሰል ምድጃው ላይ አርፎ እሷ ትስቃለች። ሽታው ነው የነገረኝ። ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። አሁን ቡና ሲፈላ እሷ አልጋ ላይ ናት፣ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም።

ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉሊቴን ለጎረቤት ሰጥቼ እሮጣለሁ። ሽንት ቤቱ በር የለውም፣ ወለሉም እርጥብ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ወንበር በተከማቸበት ክፍል ውስጥ መምህሯ ነጠላዋን ዘርግታ ትከልልልናለች። አንድ በር፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ጠረጴዛ ነው የምንፈልገው። ሚጣ እያደገች ነው፤ ማፈር ጀምራለች።

ስለ እኔ ብቻ አይደለም የምጽፈው። እኔ ከተማ ነኝ። ባለፈው ወር ወረፋ ላይ አንዲት ከዘጌ የመጣች እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ከአእምሮ ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር አለበት፣ የሚጥል በሽታም አለበት፤ አራት ዓመቱ ቢሆንም አንገቱን አያጸናም። በጠዋቱ ጀልባ ነው የመጣችው። መድኃኒቱ ካለቀበት ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጁን እየደጋገመ ይጥለዋል፤ ይህን ማንኛውም ሐኪም ያውቀዋል። ስሟ የተጠራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጀልባው ሄዷል። ዘመድ የላትም። «ኧረ እትዬ፣ የት ነው የማድረው?» ስትለኝ ቤቴ ወሰድኳት። እንጀራ እየበላን ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነች ነገረችኝ። ኮሪደር ላይ አድራ ታውቃለች። የአንድ ወር መድኃኒት ብቻ ስለሚሰጣት በየወሩ ትመጣለች። ማዕበል ሲነሳ ወይም መንገድ ሲዘጋ ትቀራለች፤ እነዚህን ዓመታት መንገድ ስንቴ እንደተዘጋብን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲብስ ደግሞ አዲስ አበባ ሂጂ ትባላለች። ከዚህ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ታቅፎ።

የምጠይቀው ነገር አዲስ ሕንጻ አይፈልግም። ሐኪሞቹ አሉ። ቀናቸው ነው የማይገናኘው። በወር አንድ ቀን፣ የጭንቅላቱም፣ የፊኛውም፣ የአጥንቱም፣ የሕፃናቱም ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒውም በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡና እንደ ሚጣ ያሉ ልጆች ያን ቀን ብቻ ቢመጡ። በሌላ አገር ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች እንዲህ በአንድ ክሊኒክ ተሰባስበው መታየታቸው የተለመደ አሠራር ነው። አንዲት ሲስተር ደግሞ ስማቸውን በመዝገብ ትያዝ፣ ስልክ ቁጥሯን ለእናቶች ትስጥ። በጀልባ የመጣው ቀድሞ ይታይ። ሕመሙ ለተረጋጋ ልጅ የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠው። የጤና መድህን ደብተር አለኝ፣ በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ ካቴተሩን ግን የለም እየተባልኩ ከውጭ ፋርማሲ ነው የምገዛው። እሱም የመድኃኒት ያህል ይቆጠርልን።

የወንድሜ ልጅ ሕግ ይማራል። ሕገ መንግሥቱን አውጥቶ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5ን አነበበልኝ፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ይረዳል ይላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 25 ላይ የጤና አገልግሎቱ ሰዎቹ ለሚኖሩበት ቦታ በተቻለ መጠን የቀረበ ይሁን፣ ገጠርም ቢሆን፣ ይላል። ገጠርም ቢሆን የምትለዋን ሁለቴ አስነበብኩት። ያቺን የዘጌ እናት እያሰብኩ።

ስለ መከላከሉም ትንሽ ልበል። የሕፃን ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ ያኔ እናት ማርገዟን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ኪኒን ለዚህ ችግር ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቀድማ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ብትወስድ አደጋው በብዙ ይቀንሳል። ዱቄት ላይ ይጨመር የሚባለውን ሰምቻለሁ፣ ደግ ነው፤ ግን የፋብሪካ ስንዴ ስንቶቻችን ቤት ይገባል? እኛ ጤፋችንንና ዳጉሳችንን ሰፈር ወፍጮ ነው የምናስፈጭ። አዮዲን የተጨመረበት ጨው እንደደረሰን ይህም በጨው በኩል ቢታሰብልን እላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ገና ያላገቡትን ልጆች ጭምር ያስተምሩልን። እኔ ይህን የሰማሁት ሚጣ ከተወለደች በኋላ ነው።

ሚጣን ስወልድ እርግማን ነው ያሉኝ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ጠበል ውሰጃት አሉኝ፣ ወሰድኳት፣ አሁንም እወስዳታለሁ። የነፍስ አባቴ ግን «ጠበሉንም ጠጪ፣ የሐኪሙንም አትተዪ» አሉኝ። እግዚአብሔር ያክብራቸው። ሌሎች አባቶችም እንዲህ ቢሉልን ስንት ልጅ ይተርፍ ነበር።

ሚጣ ጎበዝ ናት። ጣና ዳር ስወስዳት ወፎቹን በስማቸው ትጠራቸዋለች፣ ታንኳ ላይ መውጣት ትፈልጋለች። በመደገፊያዋ ከቤታችን እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ትሄዳለች፤ ቆጥሬዋለሁ። ፊዚዮቴራፒው ሳይቆራረጥ በየሳምንቱ ቢሆን ከዚህም በላይ ትሄድ ነበር ብሎኛል ባለሙያው።

ቀጣዩ የጭንቅላት ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ነው። የፊኛዋ በዚያው ሳምንት ሐሙስ። ፊዚዮቴራፒዋ አርብ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ኃላፊ ካለ ሦስቱን አንድ ቀን ያድርግልን፤ የትኛውም ቀን ይሁን፣ በጠዋት እንደርሳለን።

የሚጣ እናት
ከባህር ዳር