ፎቶው ላይ እየቀለድኩ አልነበረም

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ሳምንት መዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለኔ ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ተጨንቃችሁ ስለጻፋችሁ ከምር አመሰግናለሁ። ግን ርዕሱ «ሳቁ ከሞት አዳነው» ይላል፣ እሱ ላይ አልተግባባንም። ከስሩ ያለው ፎቶ ደግሞ እኔ መድረክ ላይ አፌን ከፍቼ ደረቴን በእጄ ጨምድጄ ይዤ ነው፣ የጻፋችሁበትም «ኮሜዲያኑ ከመታመሙ በፊት ታዳሚውን በሳቅ ሲያፈርስ» የሚል ነው። በፊት አይደለም እኮ! ያ ፎቶ የተነሳው የልቤ ደም ስር ተዘግቶ ባለበት ደቂቃ ላይ ነው። ሰው እየደወለ «እንዴት የሚያምር ፎቶ ነው» ይለኛል፣ እኔ ባየሁት ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ እርማት ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ 27 ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ሳወራ ስለኖርኩ አጭር ማውራት አልችልበትም፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረኝ ከዛ ምሽት 3 ቀን በፊት ነው። ደረጃ ስወጣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ይከብደኛል፣ ቆም ስል ይለቀኛል፣ በዛ ላይ የግራ መንጋጋዬን ያመኛል። ጥርሴ ነው ብዬ ጥርስ ሀኪም ጋ ሄድኩ፣ አገላብጦ አየኝና «ጥርስህ ምንም አልሆነም» አለኝ፣ እኔም «27 ዓመት የኖርኩት እኮ በሱ ነው፣ ምን ይሆናል» ብዬው ተሳስቀን ተለያየን። ደረቴንም ይከብደኛል ብለው ኖሮ ያኔውኑ ወደሚመለከተው ሰው ይልከኝ ነበር፣ አላልኩትም፣ ቀልዱ አምሮልኝ ነበራ። በኔ ጭንቅላት ሀርት አታክ ማለት ፊልም ላይ እንዳለው ደረቱን ይዞ ዘጭ የሚል ሰው ነው። መንጋጋ ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ ጨጓራ አካባቢ ሊሰማ እንደሚችል፣ ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይማ ደረታቸውን እምብዛም ሳያማቸው ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል የሰማሁት አልጋ ላይ ተኝቼ ነው።

አሁን ፎቶው ጋ ልምጣ፣ ግን መጀመሪያ ስለ አባቴ ልንገራችሁ አለበለዚያ አይገባችሁም። ስራዬን የምታውቁ ሰዎች «ቆይ ጨጓራዬ» የምትለዋን ነገር ታውቋታላችሁ። አባቴ ነው። እናቴ አንድ ነገር ስራ ባለችው ቁጥር ደረቱን ይይዝና ፊቱን አጨማዶ «ቆይ፣ ጨጓራዬ» ይላል፣ ቁጭ ይላል፣ በቃ ከስራው ያመልጣል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን እየሰረቅኩ ነው ያደግኩት፣ መጀመሪያ ለእህትና ወንድሞቼ፣ ቀጥሎ ለክፍል ልጆች፣ በኋላ መድረክ ላይ፣ እንዲያውም ስሜን ያወጣችልኝ እሷ ነች ማለት ይቻላል። ታዳሚው ከመልመዱ የተነሳ እኔ ደረቴን ያዝ ሳደርግ እነሱ በአንድ ድምጽ «ቆይ፣ ጨጓራዬ!» ይላሉ።

እና የዛን ቀን መድረክ ከወጣሁ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆነኝ ያዘኝ። መውጋት አይደለም፣ መጭመቅ ነው፣ እርጥብ ልብስ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲጨምቀው አይታችሁ የለ፣ እንደሱ። ዓረፍተ ነገሬን መሀል ላይ ቆረጥኩና ደረቴን ያዝኩ፣ ፊቴም ሳልፈልግ ተጨማደደ። አዳራሹ በሙሉ «ቆይ፣ ጨጓራዬ!» ብሎ ጮኸና ፈረሰ። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የኔ ጉድ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምነግራችሁ፦ ሲስቁ ደገምኩት። አሞኝ፣ መተንፈስ አቅቶኝ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ፣ ግን ሳቁ ደስ ስላለኝ ፊቴን የበለጠ አጨማድጄ ሁለተኛ ደገምኩላቸው። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ታዳሚው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ 27 ዓመት ሙሉ ያ ነገር ሲመጣ ሳቁ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

መብራት ላይ የሚሰራ አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን አትጻፍ ስላለኝ አልጽፍም፣ እሱ መብራቱን ድርግም አደረገው። ታዳሚው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። እኔ ጨለማው ውስጥ ወንበሩን ተደግፌ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ፣ «ማነህ አንተ፣ ገና 40 ደቂቃ አለኝ እኮ!» ብዬ ጮኽኩበት። መጥቶ በብብቴ ስር ገባና «ጋሼ፣ እኔ ላብህን አውቀዋለሁ፣ ይሄ የስራ ላብ አይደለም» አለኝ። ስንት ዓመት ከላይ ሆኖ መብራት ሲያበራብኝ እኔ ቀና ብዬ አይቼው እንኳን የማላውቅ ልጅ።

ብሪታንያዊው ኮሜዲያን ቶሚ ኩፐር ታሪኩ እንደዚሁ ነው፣ እሱ ግን መብራቱን የሚያጠፋለት ሰው አላገኘም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1984 ለንደን ውስጥ በቀጥታ በቲቪ በሚተላለፍ ትርኢት ላይ እየሰራ እያለ ልቡ ከዳውና መጋረጃው ስር ተንሸራቶ ቁጭ አለ፣ ታዳሚው የቀልዱ አካል መስሎት ሳቀ፣ ቆይቶ ነው ማስታወቂያ የገባው፣ አልተረፈም። ሙያው ላይ ያለን ሰዎች ይቺን ታሪክ «መድረክ ላይ መሞት ክብር ነው» እያልን በአድናቆት ነበር የምናወራት፣ እኔም ብያለሁ። አሁን የምለው ሌላ ነው፣ እየሞትክ የሚሳቅልህ ከሆነ ክብሩ የቱ ጋ ነው?

ሆስፒታል ስንደርስ ደግሞ ሌላ ድራማ። ተቀባዩዋ ነርስ አወቀችኝ፣ ፊቷ ፈካ አለ። «ጋሼ፣ ህመምዎን ከ1 እስከ 10 ስንት ይሉታል?» ስትለኝ «በነጻ ከሆነ 3፣ ቲኬት ከቆረጥሽ 10» አልኳት። ሳቀች፣ አጠገቧ ያለውም ሳቀ፣ እየሳቀች የሆነ ነገር ጻፈች፣ ቁጭ በሉ አለችኝ። ልወቅሳት አይደለም፣ የሚቀልድ በሽተኛ እኮ የሚሞት አይመስልም። የመብራቱ ልጅ ነው እንደገና «እህቴ፣ እሱን አትስሚው፣ እኔን ስሚኝ፣ ደረቱን ይዞት ግማሽ ሰዓት ሆኖታል» ያላት፣ ያኔ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጥፍት አለ። ከዛ በኋላማ ሁሉም ሩጫ ሆነ፣ የልብ ምትን ወረቀት ላይ የሚስለው ኢሲጂ ደረቴ ላይ ተለጠፈ፣ አስፒሪን አኝክ ተባልኩ፣ ደም ተቀዳ። ወረቀቱን ያዩት ዶክተር «አባትዎ በምን ሞቱ?» አሉኝ። አባቴ በ51 ዓመቱ ድንገት ነው የሞተው፣ ምን እንደገደለው ማንም አልመረመረም። ታዲያ «አንዳንድ ጊዜ ደረቱን...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። የቀረውን አልጨረስኩትም። እኔ 52 ዓመቴ ነው። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት የልብ በሽታ ከያዘው የአንተም አደጋ ከፍ ይላል፣ ቀድመህ መታየት ነበረብህ አሉኝ። ለካ 27 ዓመት ሙሉ የአባቴን በሽታ ነው በየመድረኩ ስሰራው የኖርኩት። አባቴ ያኔ ሰነፍ መስሎኝ ነበር።

ስለ ህክምናው አጠር ላርገው። የልብ ጡንቻ ራሱ የሚመገብባቸው ደም ስሮች አሉት፣ ግድግዳቸው ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ድንገት ይሰነጠቅና ደም እዛ ላይ ይረጋል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ከዛ ወዲያ ያለው ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል ማለት ነው። ከእጄ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቤ ድረስ ወሰዱት፣ አላስተኙኝም፣ ነቅቼ ስክሪኑን አያለሁ። ቀለም ሲረጩበት ደም ስሮቼ ቅርንጫፍ እንዳለው ዛፍ ሆነው ታዩ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ግን መሀሉ ላይ ቁርጥ ብሏል፣ ከዛ ወዲያ ባዶ ነው። ትንሿን ፊኛ ነፍተው ስቴንቱን፣ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዘውን ትንሽ የሽቦ ቱቦ ማለቴ ነው፣ ሲያስቀምጡት ያ ባዶ ቦታ ላይ ቅርንጫፉ ቀስ ብሎ እስከ ጫፉ ድረስ ተሳለ። መጭመቁም ወዲያው ለቀቀኝ። ያን ሰዓት ምንም ቀልድ አልመጣልኝም፣ ዝም ብዬ አየሁ። ደም የሚያቀጥኑ ሁለት አይነት መድኃኒት ሰጥተውኝ ቢያንስ ዓመት ያህል ያለ ትዕዛዝ እንዳታቆም ተብያለሁ፣ ሲጋራዬንም እዛው ጥዬ ወጥቻለሁ።

እንግዲህ «ሳቅ መድኃኒት ነው» የምትለዋ ጋ ልምጣ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ሶስት ቦታ አለች፣ ቆጥሬያለሁ። ይሄ አባባል በዚህ ዘመን እንዲህ እንዲነገር ካደረጉት ሰዎች አንዱ ኖርማን ከዝንስ የሚባል አሜሪካዊ የመጽሔት አዘጋጅ ነው፣ የናንተው ሙያ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1964 መገጣጠሚያውን ክፉኛ የሚያም በሽታ ይዞት አስቂኝ ፊልሞች እያስመጣ ይስቅ ነበር፣ 10 ደቂቃ ከልቡ ሲስቅ 2 ሰዓት ያህል ያለ ህመም እንደሚያስተኛው ጽፏል። እሺ፣ እኔም አምነዋለሁ፣ ሳቅ ህመም ያስረሳል፣ እንጀራዬ ስለሆነ አልቃወመውም። ግን ሰውየው ሲስቅ አጠገቡ ሀኪም ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ሀርት አታክ ሲይዘው ደግሞ ሆስፒታል ነው የሄደው። በዛ ላይ ሳቁ የሱ የራሱ ነው። የኔ ሳቅ ሌላ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ የማወጣው ላብ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የኔ ጥርስ እንደውም ባዳ ብቻ ሳይሆን ደመወዝተኛ ነው።

ቤት ከገባሁ በኋላ የመጣብኝን ደግሞ ማንም አልጻፈውም። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ቀልድ ይጠብቃል፣ እኔ የለኝም። ማታ ማታ በግራ ጎኔ መተኛት እፈራለሁ፣ ልቤ ሲመታ ከትራሱ ውስጥ ይሰማኛል፣ እቆጥረዋለሁ። ጠዋት ካልሲ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ የምልበት ቀን ነበር፣ አንዷን አድርጌ ሌላዋን እጄ ላይ ይዤ። ለዶክተሩ ስነግራቸው ሀርት አታክ ከያዛቸው 5 ሰዎች አንዱ አካባቢ ከባድ ድብርት ውስጥ ይገባል፣ ይሄም ይታከማል አሉኝ። ሰው ሁሉ «ተመስገን በል፣ ተርፈሃል» ሲለኝ በመደበሬ ደግሞ አፍራለሁ። አሁን ሻል ብሎኛል፣ አንድ ባለሙያ ጋ እየሄድኩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ሳስቃት ዋልኩ፣ በሶስተኛው «ጨረስክ? እንጀምር?» አለችኝ።

ባለቤቴማ አላለቀሰችም፣ ተናዳ ነበር። ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ «19 ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳን አመመኝ ብለኸኝ አታውቅም፣ በጠየቅኩህ ቁጥር ቀልድ ነው የምትሰጠኝ» አለችኝ። መልስ አፌ ላይ መጣ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ዋጥኩት። አባቴ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ሲለኝ ተረቱ ራሱ ያስቀኝ ነበር። አባቴ የተቀበረ ለታ ማታ መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ወንድሞቼ ቤት ተቀምጠው እኔ «ቆይ ጨጓራዬ»ን እየሰራሁ። «ጠንካራ ነው» ተባልኩ፣ ለዓመታት በኩራት ሳወራው ኖርኩ። ቢሆንም ሙያዬን አልጠላሁትም፣ ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ አንድ ላይ ሲስቅ የሚሰማውን ነገር የትም አላገኘውም፣ ጸጸቴ እሱን ነገር ሳሎን ድረስ ይዤው መግባቴ ነው።

ወደ መድረክ ትመለሳለህ ወይ ለምትሉኝ፣ ዶክተሩ ከፈቀዱ አዎ። አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ሮዚ ኦዶኔል እ.ኤ.አ. በ2012 ልቧን ሲያማት ጡንቻ ነው ብላ አስፒሪን ውጣ ተኛች፣ ሀኪም ጋ የሄደችው በማግስቱ ነው፣ ዋናው ደም ስሯ 99 በመቶ ተዘግቶ ተገኘ። ከተረፈች በኋላ ምልክቶቹን መድረክ ላይ እያሳቀች ለሰው ማስተማር ያዘች። እኔም «ቆይ ጨጓራዬ»ን አልጥላትም፣ አጨራረሷን ግን እየቀየርኩ ነው። እስካሁን ሶስት አይነት መጨረሻ ጽፌላታለሁ፣ ሁለቱ አያስቁም፣ ሶስተኛዋን ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባኝም።

እና አዘጋጆች፣ የምጠይቃችሁ ነገር ቀላል ነው። ፎቶውን ያነሳው ልጅ ሙሉውን ልኮልኛል፣ እናንተ ለቦታ ብላችሁ ግራውን በኩል ቆርጣችሁታል። ሙሉው ላይ የፊተኛው ወንበር ሰው በሙሉ አፉን ከፍቶ ይታያል፣ አንዱ እንባውን እየጠረገ ነው፣ ግራ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ከመብራት ማሽኑ ጀርባ ብድግ ብሎ እጁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ዘርግቷል፣ እዛ አዳራሽ ውስጥ ያልሳቀ እሱ ብቻ ነው። ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ፣ ስታወጡት እባካችሁ እሱን አትቁረጡት።