የቡድናችሁን መሪ ስትመርጪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም አባትሽም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እሁድ ስትደውዪ ለቡድናችሁ መሪ ምረጪ እንደተባልሽ ነገርሽኝ። አንዷ ናይሮቢ፣ ሌሎቹ በርሊንና ቶሮንቶ፣ አንቺ አዲስ አበባ። በአካል ተያይታችሁም አታውቁም። በዙም ስብሰባ ላይ አንደበቱ የሚጣፍጠውን ልጅ ልትሾሚ ማሰብሽ አሳስቦኝ ነው የምጽፍልሽ።

አትቸኩዪ። ሰው በአካል ሲሰበሰብ ተናጋሪውና ጨዋታ አዋቂው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። በፈረንጆቹ 2020 የወጣ ጥናት አለ፤ የአሜሪካው ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ራዶስቲና ፑርቫኖቫና ባልደረቦቿ የሠሩት። በኢንተርኔት ብቻ በሚገናኙ ቡድኖች ውስጥ እንደ መሪ የታዩት ሥራውን የሚያስተባብሩት፣ ጓደኛቸውን የሚያግዙት፣ ቀነ ገደብ የሚከታተሉት ነበሩ።

እስቲ የቡድናችሁን ቻት ወደ ኋላ ሄደሽ አንብቢው። ከስብሰባ በኋላ ምን እንደተወሰነ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቀው የሚጽፈው ማን ነው? ቶሮንቶ ያለው ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሳ እዚህ ቀኑ ተጋምሷል። ተጽፎ የሚጠብቀው ነገር ከሌለ እናንተን ሲጠይቅ ቀኑ ይባክንበታል። ጊትላብ የሚባለው ቢሮ አልባ ኩባንያ አሠራሩን ጽፎ ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰዓቱንም ነገር እዪ። «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ የሚተው አለ፤ በማን አቆጣጠር? «በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በቶሮንቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 8» ብሎ ለይቶ የሚልክም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሌላውን ያስባል።

መብራት ጠፍቶ ከስብሰባው የወጣሽ ዕለት፣ የናይሮቢዋ ልጅ የተባለውን ሁሉ ጽፋ በቴሌግራም እንደላከችልሽ አጫውተሽኝ ነበር። በስብሰባ ላይ ብዙም አትናገርም አልሽኝ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። አንደበተ ርቱዑ ልጅም አይከፋም፤ ለደንበኛ ገለጻ ይሁንላችሁ።

«ኦንላይን ነሽ?» እያለ በየሰዓቱ የሚያንኳኳውን ግን አደራ፣ እንዳትሾሚው። ሰው ያሳቅቃል፤ ሥራውም አይፈጥንም።

ከመወሰንሽ በፊት ለናይሮቢዋ ልጅ አንድ አነስ ያለ ሥራ ለሁለት ሳምንት እንድታስተባብር ስጫት። ሌሎቹንም ለየብቻ «ሥራ ሲያዝባችሁ ለማን ነው የምትጽፉት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሳቸውን እሁድ ስትደውዪ ንገሪኝ።

የምትወድሽ እናትሽ