ፎቶዎቻችንን ገጽ በገጽ እየሠራሁ ነው

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ አደጉ? የእማማስ ጤና እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ድሬም ያው ናት፤ ሙቀቱም፣ የከዚራ ዛፎች ጥላም፣ የሰዉ ጨዋታም እንዳለ ነው። ረጅም ጊዜ ተጠፋፍተናል። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወውና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የቤታችንን የድሮ ፎቶዎች በዲጂታል ስክራፕቡክ እያሰናዳሁ ነው። ልጅ ሆነን ደብተር ላይ ፎቶ እየለጠፍን፣ ዳር ዳሩን በከለር እያሳመርን፣ ከሥሩ የምንጽፈውን ታስታውሻለሽ? እሱኑ በኮምፒውተር መሥራት ማለት ነው። ፎቶው፣ የጀርባው ወረቀት፣ ሪባኑ፣ አበባው፣ ጽሑፉ ሁሉ ስክሪን ላይ ይደረደራል። ሲያልቅ ይታተማል፤ ካልሆነም በስልክ ይላካል።

ይህን ላንቺ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ካርቶኑን ስዘረግፈው ብዙው ፎቶ ላይ አንቺ አለሽ፤ ቤተሰቦችሽም አሉ። የእናንተ አልበም ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከነሳጥኑ ሄዷል። እማማ ያኔ «ሰው ተርፎ ስለ ወረቀት አይወራም» ብለው ዝም አሉ። ግን የጋሼን አንድ ፎቶ እንኳ ለማግኘት በየዘመዱ ቤት ሲያፈላልጉ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ የጋሼ ፎቶ እኛ ቤት ተገኝቷል። ወደ እሱ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ሥራው እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ፤ አንቺም እንድትጀምሪ ነው የምፈልገው።

ለጀማሪ ከባዱ ነገር ባዶ ገጽ ነው። የተለመደው የገጽ መጠን 12 በ12 ኢንች ነው፤ በእኛ ልኬት 30 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ። ለኅትመት እንዲሆን በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሠራ 3600 በ3600 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ይሆናል። ይህን የሚያክል ነጭ ገጽ ፊትሽ ተደቅኖ፣ ፎቶውን የት ላድርገው፣ ምን ያህል ላሳንሰው፣ ጽሑፉስ የት ይግባ እያልሽ ስታወጪ ስታወርጂ ይመሻል። ቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ፣ ይህን ጣጣ ያነሳልሻል። ሙያው ያለው ሰው ቦታ ቦታውን አስቀድሞ ለክቶ አስቀምጦታል። አንቺ ሐሳብሽን ፎቶውና ታሪኩ ላይ ትጥያለሽ።

ቴምፕሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፒኤስዲ በሚባለው የፎቶሾፕ (የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ፋይል ነው፤ ፋይሉ ደግሞ በሌየር የተሠራ ነው። ሌየር በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከላይ ያለው ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፣ ግን አንዱን ብቻ ለይተሽ ማንሳት ትችያለሽ። ከታች የጀርባው ወረቀት አለ። ከሱ በላይ ትንንሽ ወረቀቶች አሉ። ከዚያ የፎቶዎቹ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ጥቁር ቅርጽ ሆኖ። ከሁሉም በላይ ጌጣጌጡና ጽሑፉ። ስክሪኑ ጎን ያለው ሰሌዳ ላይ ሁሉም በየስማቸው ተደርድረው ታገኚያቸዋለሽ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የዓይን ምልክት አለች። ስትነኪያት ያ ሌየር ይደበቃል፤ ስትደግሚ ይመለሳል። መጀመሪያ በዚህች ዓይን ብቻ ተጫወቺ። የትኛው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል።

ፋይሉን እንደከፈትሽ ግን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊው። ዋናው ቴምፕሌት ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለሌላ ገጽ ያስፈልግሻል። እኛ ጋ መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ እጄ ከኮንትሮልና ኤስ አይርቅም።

ዋናው ብልሃት ክሊፒንግ ማስክ የሚባለው ነው። የፎቶ ቦታ የሆነውን ሌየር ትመርጫለሽ። ፎቶሽን አምጥተሽ ልክ ከሱ በላይ ታስቀምጫለሽ፤ በመካከላቸው ሌላ ሌየር መግባት የለበትም። ፎቶው ላይ እንዳለሽ ኮንትሮል፣ ኦልትና ጂን አንድ ላይ ትጫኛለሽ። ፎቶው ወዲያው የቅርጹን ልክ ይይዛል። ሰሌዳው ላይ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ከታየችሽ ተሳክቷል ማለት ነው። ከዚያ ኮንትሮልና ቲን ተጭነሽ መጠኑን ታስተካክያለሽ፣ ታዞሪዋለሽ፣ ወደፈለግሽው ታንሸራትቺዋለሽ።

ልብ በይ፤ ፎቶው አልተቆረጠም። ከቅርጹ ውጪ ያለው ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። የዚህ ጥቅሙ የታየኝ በጋሼ ፎቶ ነው።

ፎቶው የታናሽ ወንድሜ ክርስትና ዕለት የተነሳ ነው። ሰው ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ተሰልፏል። ጋሼ በስተቀኝ ጥግ ላይ ናቸው። ከምድር ባቡር በቀጥታ መጥተው ኖሮ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም። ፎቶው 9 በ13 ሴንቲሜትር የምትባለዋ ትንሿ ስለሆነች ፊታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኩት። እንዲህ ሲሆን በ300 ሲታተም ጥራቱን ሳይለቅ እጥፍ ያድጋል። ከቴምፕሌቱ ላይ ረጅሙንና ጠባቡን የፎቶ ቦታ መረጥኩ፤ ክሊፕ አደረግኩት። ከዚያ ፎቶውን ቀስ እያልኩ ወደ ግራ ስገፋው ሌላው ሰው አንድ በአንድ ከቅርጹ ወጣና ጋሼ ብቻቸውን መሀል ላይ ቆሙ።

በቀኝ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ይዘዋል። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶና የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሏል። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል፤ ክንዳቸው ላይ የግራሶ ምልክት የሚመስል ነገር ይታያል። ይህን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኪሳቸውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አለቀስኩ፣ አቦ።

ለሳቸው ገጽ ከቴምፕሌቱ ጌጥ አብዛኛውን አጥፍቻለሁ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቴምፕሌት ሕግ አይደለም። አምስት የፎቶ ቦታ ካለውና ያለሽ አንድ ፎቶ ከሆነ አራቱን ደብቂያቸው፤ ወይም ወረቀት ሙያቸው። ገጹን በሙሉ ዘጠና ዲግሪ አዙሪው፣ ወይም ግራ ቀኙን ገልብጪው፤ ሌላ ገጽ ይሆንልሻል። እኔ ከአንድ ቴምፕሌት እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ገጾች አውጥቻለሁ።

ወረቀቱና ጌጡ ደግሞ የራሳችን ይሁን ባይ ነኝ። ተዘጋጅተው የሚመጡት የወረቀትና የጌጥ ስብስቦች፣ ኪት የሚሏቸው፣ ያምራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ላይ ያለው የበረዶ ብናኝና የበልግ ቅጠል ከድሬ ፎቶ ጋር አይሄድም። ስለዚህ የእናቴን ሻሽ ስካነር ላይ ዘርግቼ ስካን አደረግኩት፤ እንደ ፎቶው ሁሉ ወረቀቱ ሌየር ላይ ክሊፕ አድርጌ አስገባሁት። ክሩ ሳይቀር ይታያል። እማማ ለእናቴ የሰጧት የሐረር ስፌት አለ አይደል፣ ግድግዳችን ላይ ያለው? እሱን ጠዋት ጥላ ውስጥ አውጥቼ ከላይ በስልክ አነሳሁት። ቀዩና ቢጫው ክብ በክብ ሆኖ ከጋሼ ገጽ ጥግ ላይ ገብቷል። ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ የሚለውን ዛፍ ቀይ አበባም ዙሪያውን አጥፍቼ ለብቻው አውጥቻለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ጌጥ ዙሪያው ባዶ እንደሆነ እንዲቆይ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው ማስቀመጥ፤ ጄፔግ ካደረግሽው ዙሪያው ነጭ ሆኖ ይመጣል።

ጥላም አለ፤ ድሮፕ ሻዶ ይሉታል። ወረቀቱ ከወረቀት ላይ የተቀመጠ እንዲመስል የሚያደርገው እሱ ነው። ለጠፍጣፋ ወረቀት ትንሽ፣ ለሪባንና ለአበባ ትንሽ ከፍ። ብርሃኑ ለሁሉም ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ። ይኸው ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ግን ሊያስቸግርሽ ስለሚችል ከአሁኑ ልንገርሽ። ቴምፕሌቱ ላይ ያለው የጽሑፍ ሌየር የተሠራው በላቲን ፊደል ነው። በላዩ አማርኛ ስትጽፊ ሳጥን ሳጥን ብቻ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ፤ ፎንቱን ብቻ ቀይሪው። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ሊኖርሽ ይችላል። አቢሲኒካና የጉግል ኖቶ ደግሞ በነፃ ይወርዳሉ። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሞላ ያለ ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ጨምሪለት፤ ያለዚያ ይታፈናል።

ፎቶሾፕ የለኝም እንዳትዪ። ፎቶፒያ የሚባል አለ፤ ብሮውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፣ ፒኤስዲ ይከፍታል፣ ክሊፒንግ ማስኩም በዚያው አቋራጭ ነው። ፋይልሽም ኮምፒውተርሽ ላይ ይቀራል እንጂ የትም አይሄድም። በነፃ ያወረድሽው ቴምፕሌት ከሆነ አብሮት የሚመጣውን የአጠቃቀም ጽሑፍ አንብቢው፤ ብዙዎቹ ለግል መጠቀሚያ ብቻ ናቸው፣ ለሌላ ማከፋፈልም አይፈቅዱም። ለዚህ ነው ቴምፕሌቱን ሳይሆን ያለቀውን ገጽ የምልክልሽ። ለማሳተም ከፈለግሽ ጎኑን ወደ 20 ሴንቲሜትር አሳንሺው፤ ተራ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል።

አሁን የቀረኝ ጽሑፉ ነው፤ እዚህ ላይ ያለ አንቺ አልችልም። ለእኔ የገጹ ልብ ጽሑፉ ነው። ፎቶ ብቻውን ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ከእኛ በኋላ የሚያየው ልጅ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው አየሁ ብሎ ያልፋል። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. መሆኑን ከየትም ማግኘት ይቻላል። ጋሼ በስንት ዓመታቸው ምድር ባቡር እንደገቡ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ከጅቡቲ ሲመለሱ ምን ይዘውላችሁ ይመጡ እንደነበር የምታውቁት ግን አንቺና እማማ ብቻ ናችሁ። ቦታውን ትቼላችኋለሁ፤ ስምንት መስመር ያህል ይይዛል። እማማ በራሳቸው አነጋገር ይናገሩ፤ አንቺ እንዳለ ጻፊው፣ አታስተካክዪው። ስልክሽ ላይ ድምፃቸውን ብትቀጂ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እኔ እገለብጠዋለሁ።

ሌላም አለ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሳነው ፎቶ ላይ እኔና አንቺ አለን፤ በመካከላችን ሁለት ሹሩባ የተሠራች፣ ጫማዋን በእጇ የያዘች ልጅ አለች። ስሟ ጠፍቶብኛል። እናቴም አላወቀቻትም። እባክሽ ማን እንደሆነች ንገሪኝ፤ ያለ ስም ላስቀምጣት አልፈልግም።

አዲስ አበባ ከሄዳችሁ በኋላ የተነሳችሁትም ካለ ላኪልኝ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስካነር ካጣሽ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ፣ ፍላሽ ሳታበሪ፣ ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ከላይ አንሺው።

የጋሼን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። መጀመሪያ አንቺ እዪው፤ ከዚያ ለእማማ መቼ እንደምታሳዪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛሽ
ከድሬዳዋ