ፍኖተ ሰላም ላይ እድገታቸው ለዘገየ ልጆቻችን ቤት እንከራይ፣ አግዙን

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ ጎጃም ያላችሁም ከጎጃም ወጥታችሁ አዲስ አበባም አረብ ሀገርም አሜሪካም ያላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ኔትወርክ እንደልብ ስለማይገኝ ዛሬ ሲመጣልኝ ሁሉንም ባንዴ ልጽፈው ነው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ የአንዲት የ5 ዓመት ልጅ እናት ነኝ፣ ሚጣ እንበላት። የወለድኳት ከሁለት ቀን ምጥ በኋላ ነው፣ ስትወጣ አላለቀሰችም፣ በስንት መከራ ነው ድምጿ የተሰማ። ከዛ በኋላ ግን ጡት ያዘች፣ ኪሎ ጨመረች፣ ክትባቷንም አላስተጓጎልኩም፣ እኔም ያን ቀን ረሳሁት። በ6 ወሯ አንገቷ አልጸና አለ። በ9 ወሯ የጎረቤት ልጅ ተቀምጦ ሲጫወት የኔዋ እንደ እርጥብ ነጠላ ትታጠፋለች። አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት፣ "ልጅ በየጊዜው ነው፣ አትቸኩይ" ብለው ቪታሚን ሰጥተው መለሱኝ። ጎረቤቴ እትየም "የኔም ልጅ በ2 ዓመቱ ነው የሄደ" አለችኝ፣ ደስ አለኝ፣ ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲነግሩት ደስ ይለው የለ። ጠበልም ሁለት ሱባኤ ያዝን። እንዲህ እንዲህ እያልን ልጀ 2 ዓመት ከ3 ወር ሞላት።

ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አርፈን የታየች። ሴሬብራል ፖልሲ ነው አሉኝ፣ በወሊድ ሰዓት አንጎሏ አየር አጥሮት ተጎድቷል፣ ጉዳቱ እየጨመረ የሚሄድ አይደለም በመድኃኒት የሚጠፋም አይደለም አሉ። ምድር ከዳችኝ። ከዛ ፊዚዮቴራፒስቷ (በእንቅስቃሴ የምታክመው ባለሙያ) እንዴት እንደምታበያት አሳይኝ አለችኝ። እኔ እንደለመድኩት ጭኔ ላይ አንጋለልኳትና አጥሚቱን በማንኪያ ወደ ጉሮሮዋ ለቀቅሁት፣ ልጀ እንደ ሁልጊዜው ትን አላት፣ ሳለች፣ እንባዋ ወረደ። ባለሙያዋ አልተቆጣችኝም። ማንኪያውን ተቀበለችኝ፣ ሚጣን ቀጥ አርጋ አስቀመጠቻት፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በክንዷ ደግፋ አገጯን ትንሽ ዝቅ አረገችው፣ ማንኪያውን ከላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት አምጥታ ምላሷ ላይ ጫን አረገችና ጠበቀች። ዝም ብላ ጠበቀች። ሚጣ ከንፈሯን ገጠመች፣ ዋጠች። ሳል የለ፣ ትን የለ። "አጥሚቱን ወፈር አርጊው፣ ቀጭኑ ነው ቶሎ ወደ ሳንባ የሚሄድባት" አለችኝ። በዛ ዓመት ብቻ ሶስት ጊዜ ሳንባ ምች ይዟት ተኝተን ነበር፣ ለካ እኔው በማንኪያ የማደርስባት ነገር ኖሯል። ሁሉም ነገር 40 ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይችን 40 ደቂቃ የሚሰጠኝ አጥቸ ነው።

አሁን የምለምናችሁ ስለዚች 40 ደቂቃ ነው፣ ሌላ ትልቅ ነገር አይደለም።

የልጅ አንጎል 3 ዓመት ሲሞላው የአዋቂን 80 በመቶ ያህል ያድጋል ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ በ5 ዓመቱ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። እነዚህ ዓመታት ላይ ነው የተጎዳው ክፍል ስራ ሌላው ክፍል ሊማርለት የሚችለው፣ እና እኛ ያንን ጊዜ "ቆይቶ ይሄዳል" እያልን እናሳልፈዋለን። ሚጣን በ6 ወሯ ያየልኝ ቢኖር ኖሮ የዛሬዋ ሚጣ ሌላ ትሆን ነበር ብየ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፣ አሁን ግን እሱን ትቸ ከኋላየ ለሚመጡት እናቶች ነው የምሮጥ።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር ደግሞ ቴራፒ ማለት ልጅን በወር አንዴ ወደ ባለሙያ መውሰድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባለሙያው በወር አንድ ሰዓት ቢያገኛት ቀሪውን ቀንና ሌሊት ያለችው እኛ ጋ ነው፣ እናቷ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ ታላቅ ወንድሟ። ስለዚህ መማር ያለበት ቤተሰቡ ነው። እኛ ቤት ምንም መሳሪያ የለም። ጋቢ ጠቅልለን ከደረቷ ስር እናረግላትና በሆዷ ተኝታ አንገቷን ቀና እንድታረግ ወንድሟ ከፊቷ ሆኖ ጣሳ ይመታላታል። እናቴ ቤት ስንሄድ መደቡ ለመቆሚያ ልኳ ነው፣ እሱን ይዛ ትቆማለች፣ ባለቤቴ ከኋላ ዳሌዋን ይደግፋል። ቡና ሲፈላ ከእሳቱ ራቅ አርገን ወንበሯ ላይ እናስቀምጣታለን፣ ሲኒውን በሁለት እጇ ታቀብላለች (ሁለት ሰብራለች፣ ይሰበር!)፣ አቦል ቶና በረካ እያልን ስንጠራ እሷም በረካ ላይ "ባ" ትላለች። ይሄ ሁሉ ቴራፒ ነው። ግን ማንም ካላሳየህ ከየት ታውቀዋለህ።

የኛ ቡድን የተጀመረው በ21 የማርያም ማህበራችን ላይ ነው። ልጀን ይዠ ስሄድ አንዷ እህት ጥግ ጠርታኝ "የኔም እንዲህ ነው፣ ጓዳ ነው ያለ፣ ሰው አያውቅም" አለችኝ። ከዛ ሌላዋ መጣች። አሁን 14 ቤተሰብ ሁነናል፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ አንዷ ከቡሬ። ሴሬብራል ፖልሲ ያለባቸው አሉ፣ ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ የእድገት ችግር) አለ፣ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግር የእድገት ሁኔታ) ሳይሆን አይቀርም የተባለ አለ፣ ማጅራት ገትር ይዞት ከዛ ወዲህ መናገር ያቆመ ልጅም አለ። የጅጋዋ እናት የ4 ዓመት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ነው የምትመጣ፣ መጀመሪያ የመጣች ቀን ልጁን ከጀርባዋ ለማውረድ እምቢ ብላ ነበር፣ ሰው እንዳያየው ነው። እኔ ያየሁት ወገቧ መጉበጡን ነው። "የእግዜር ቁጣ ነው" ብለዋት ኖሯል። ቁጣ አይደለም፣ የምጥ መርዘም ነው፣ ያልታከመ የአራስ ልጅ ቢጫ መሆን ነው፣ የማጅራት ገትር ጠባሳ ነው፣ አንዳንዴም አብሮ የተፈጠረ ነገር ነው። ጠበሉንም እንጠመቅ፣ ጠበልና ፊዚዮቴራፒ አይጣሉም፣ የማህበራችን ቄስም ያሉት ይሄንኑ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ወንድማችን ያለምንም ክፍያ እኔ ሳሎን ውስጥ ያስተምረናል። ሳሎኔ አልበቃ ብሎን እናቶች ደጅ ይጠብቃሉ፣ ክረምት ላይ ጭቃው አስቸገረን። ወደ ባህር ዳር እንሂድ ብንል ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ያለንበትን ጊዜ ታውቃላችሁ፣ አንድ ቀን ይከፈታል ሶስት ቀን ይዘጋል፣ የተሰጠ ቀጠሮ ያልፋል። ቴራፒ ደግሞ እንደ ክኒን ገዝተህ አታስቀምጠውም። እዚሁ ካልሆነ አይሆንም።

እናቶች ሰብስባችሁ ምን ታመጣላችሁ የሚለን ሰው አለ። ጃማይካ ላይ ከ1980ዎቹ እንደ ፈረንጅ ጀምሮ የተሰራ ነገር አለ፣ እዚህ ደጋግሜ ነው የማወራው፣ የሰለቻችሁ ይቅር በሉኝ። በምግብ እጥረት የቀጨጩ 129 ትንንሽ ልጆች ነበሩ፣ ለግማሾቹ አንዲት የአካባቢው የጤና ሰራተኛ (ዶክተር አይደለችም) በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች እናትዮዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ እንዴት እንደምታወራው በቤት ውስጥ በተሰሩ መጫወቻዎች ታሳያት ነበር፣ ለ2 ዓመት ብቻ። ከ20 ዓመት በኋላ ፈልገው ሲያገኟቸው እነዛ ልጆች ካልተጎበኙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። የነሱ ችግር ከኛ ልጆች ይለያል፣ አውቃለሁ፣ ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ቤት ለቤት፣ በእናት እጅ። የዓለም ጤና ድርጅትም የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ስልጠና እንዲሁ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሰልጥኖ እንዲሰጠው ተብሎ የተሰራ ነው። ሀገራችንስ ብትሉ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ ፈረንጅ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈተችው የራሷን ልጅ የሚያስተናግድ ቦታ ብታጣ አይደለም እንዴ። እናት ነች የጀመረችው።

ወደ ብሩ ልምጣ። ሁለት ክፍል ቤት አግኝተናል፣ መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ውሃ አለው፣ በወር 6,000 ብር፣ የዓመቱ 72,000 ይሆናል። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ስፖንጅ ፍራሽና ምንጣፍ ያስፈልጋል፣ 45,000። ወንበር፣ ይሄ ዋናው ነው፣ ከባህር ዛፍ ጣውላ በየልጁ ልክ የሚሰራ፣ ጎንና ጎኑ ደገፍ ያለው፣ እግር ማሳረፊያና ከፊት ገበታ ያለው፣ አንዱ 3,500፣ የ14ቱ 49,000። ልጅ ተደግፎ ሲቀመጥ ነው እጁ ነጻ የሚሆን፣ ሲበላም የማያንቀው፣ ሰውንም ፊት ለፊት የሚያይ፣ ተኝቶ ጣራ ሲያይ የሚውል ልጅ ምን ይማራል። ከዛ ከራሳችን እናቶች ሁለቱ ሰልጥነው በሳምንት 4 ቀን ቤት ለቤት እንዲዞሩ ለእያንዳንዳቸው በወር 4,000፣ የዓመቱ 96,000። ለስልጠናው 28,000፣ ከሩቅ ለሚመጡ እናቶች መመላለሻ 60,000። ድምሩ 350,000 ብር ነው። እኛ ከዕቁባችንም ከማህበሩም ከየኪሳችንም 87,000 አዋጥተናል። 263,000 ይቀረናል።

ለአባቶች አንድ ነገር ልበል፣ መቸም ካነሳሁት አይቀር። ከ14ቱ ቤተሰብ 5ቱ ውስጥ አባት ጥሎ ሄዷል። የቀሩት ግን ቅዳሜ ሲመጡ ብታዩ፣ አንዱ ገበሬ ነው፣ ልጁን ትከሻው ላይ አርጎ ነው የሚመጣ፣ የእግሩን ማፍታቻ ከኔ በላይ ያውቀዋል፣ እርሻ ላይ እያለ ምሳ ሲመጣለት ልጁንም አምጡልኝ ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ማገዝ የምንፈልገው።

ብር የሌላችሁ አትጨነቁ። ያረጀ ስፖንጅ፣ ትርፍ ጋቢ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የማይፈለግ ምንጣፍ እንቀበላለን። አናጺ የሆናችሁ አንድ ቀን ጉልበት። የጤና ኤክስቴንሽን የሆናችሁ እህቶች ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታስፈልጉናላችሁ፣ ቤት ለቤት የምትገቡት እናንተ ናችሁ፣ ጓዳ ያለ ልጅ ካያችሁ ወደኛ ጠቁሙን። ደግሞም ይችን የምታነቡ ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ በ4 ወሩ አንገቱን ካልቻለ፣ በ9 ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልሄደ፣ ስትስቁለት የማይስቅ ስሙን ስትጠሩ የማይዞር ከሆነ፣ ገና ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይ የሚያውቀውን ነገር መልሶ ከተወ፣ "አትቸኩይ" ቢሏችሁም ቸኩሉ። አሳዩት። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ምንም ካልሆነ እሰየው።

ሂሳቡ በሶስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፣ እኔ፣ የማህበራችን ገንዘብ ያዥና የጅጋዋ እናት፣ አንዳችን ብቻችንን አንድ ብር ማውጣት አንችልም። ቁጥሩ አብሮ የለጠፍኩት ምስል ላይ አለ፣ በባንክም በቴሌብርም ይገባል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ በ21 ከነሪሲቱ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ስሜ አይጠራ የምትሉ ንገሩኝ። 100 ብርም ብር ነው። 300 ብር ለአንዲት እናት የአንድ ቅዳሜ መመላለሻ ነው። ወንበር ሙሉውን እንችላለን የምትሉ ካላችሁ፣ የስራ ቦታ ጓደኞችም የዕቁብ ሰዎችም ተሰብስባችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የትኛው ልጅ እንደተቀመጠበት ቤተሰቡ ከፈቀደ እንነግራችኋለን፣ የልጆቹን ፎቶ ግን አንለጥፍም፣ በዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል።

አከራዩ ጋሼ ቤቱን እስከ ህዳር 21 ለሌላ ሰው እንደማይሰጡብን ቃል ገብተውልናል፣ ከዛ በላይ አልችልም ብለዋል፣ እውነታቸውን ነው። አናጺው በቀብድ ስራ ጀምሯል። የመጀመሪያው የሚጣ ነው፣ ትናንት ሂደን ቁመቷን በገመድ ለክቶ ተቀበለን፣ ሁለተኛው የጅጋው ልጅ ነው፣ የሱንም ገመድ ቋጥረን ትተንለት መጥተናል።