የእድሩ መዝገብ ቀድሞ ነግሮን ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የጤና ዓምዳችሁን ዘወትር አነባለሁ። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ጽፋችኋል። እኛ ጎንደሮችም ሁለቱን ለይተን አውቀናል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ስለ ስኳሩ ቁጥር ያወራል። እንቅስቃሴን ስለሚያዘገየው የአንጎል ሕመም፣ ስለ ፓርኪንሰን ግን ሲወራ አልሰማም። ቤታችን ገብቶ ስላየሁት፣ ቦታ ከሰጣችሁኝ ትንሽ ልበል።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የተረከብሁት ከአጎቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ መዝገቡን የያዙት እሳቸው ነበሩ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና ፊደላቸው ያምራል፤ ወፍራም፣ የተስተካከለ፣ ከሩቅ የሚነበብ። ባለፈው ክረምት አንድ የቆየ መዋጮ ፍለጋ መዝገቦቹን ወደ ኋላ ስገልጥ ደነገጥሁ። የ2006 ዓ.ም. ገጽ ልክ እንዳልሁት ነው። በ2009 ፊደሉ ጠበብ ብሏል። በ2011 መስመሩ ሲጀምር ደህና ነው፤ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ግን እያነሰ እያነሰ መጨረሻው ላይ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ያኔ «መነጽር ይቀይሩ» ብለን ነበር የመከርናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የፊደል ማነስ የታወቀ የፓርኪንሰን ምልክት እንደሆነ የሰማነው ከሐኪሙ ነው፤ በ2013። አራት ዓመት ሙሉ በሽታው እድራችን መዝገብ ላይ ሲጻፍ እኛ «እርጅና ነው» እያልን ነበር ማለት ነው።

ሌላውን ምልክት ጋቢው ሸፈነብን። ሰው ሲራመድ ሁለት እጁ ይወዛወዛል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ወገን ነው፤ የዚያ ወገን እጅ ከጎን ተጣብቆ ይቀራል። ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ እጁ ይወዛወዝ አይወዛወዝ ማን ያያል? ቀኝ ትከሻቸውንም ያማቸው ነበር። አንድ ክሊኒክ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ሁለት ዓመት ማስታገሻ ሰጣቸው። ባለሙያውን አልወቅስም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ቀን «ጋቢዎን አውልቀው እስቲ ወዲያ ወዲህ ይበሉ» ቢላቸው ምን ነበረበት? ትከሻ መድረቅና መታመም ከበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም በፊት የነበረ ነገር አለ። የአጎቴ ባለቤት ቡና ሲቆሉ ከጓዳ ሆኖ «ኧረ አረረ!» ማለት የአጎቴ ሥራ ነበር። አንድ ወቅት ላይ ተዉት። ቡናው ከሰል ቢሆን ዝም። እኛ ትዕግሥት አበዙ አልን እንጂ ማሽተት እንዳቆሙ ማን ጠርጥሮ! ሌሊት ደግሞ በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ፣ ጅብ እንደሚያባርር ሰው ክንዳቸውን ይሰነዝራሉ። ባለቤታቸው መደብ ላይ መተኛት ጀመሩ። መንፈስ ነው ተባለና ጸበል ተሄደ። ጸበሉን አልቃወምም፤ ዛሬም ይጠመቃሉ። ጥፋታችን ሐኪም ጋ ለመሄድ ሌላ ሦስት ዓመት መቆየታችን ነው። የሆድ ድርቀቱንማ ሽማግሌ ሰው ለማንም አይናገርም።

የማሽተት መጥፋት፣ እንዲህ ያለው የሌሊት ግብግብና የሆድ ድርቀት ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። አንዱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሆዱ የደረቀ ሁሉ ፓርኪንሰን ያዘኝ ብሎ እንዳይደነግጥ! ሲደራረቡና አካሄድም ሲቀየር ነው ነገሩ።

በጣም የጎዳን ግን ፊታቸው ነው። ቀዘቀዘ። ሲስቁም ሲያዝኑም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ድምፃቸውም ሰለለ። የልጅ ልጃቸው «አባባ ተቆጡኝ» ብላ ያለቀሰችበትን ቀን አልረሳውም። ጎረቤት ደግሞ «ሰላምታ አይሰጡም፣ ኮርተዋል» አለ። የፊት ጡንቻ እንደ እጁና እንደ እግሩ ይዘገያል፤ ልባቸው ግን ያው ነው።

አሁን ስለ መንቀጥቀጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው እጅ አርፎ ሲቀመጥ ነው የሚብሰው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የሆነች ፍሬ የሚያሹ ይመስላሉ። ሲኒ ሲያነሡ ጋብ ይላል። ሲኒ ሲነሣ ብቻ ሁለቱም እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጨርሶ የማይንቀጠቀጥ የፓርኪንሰን ታማሚም አለ፤ ዋናው ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየት ነውና። ቁልፍ መቆለፍ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ከበርጩማ መነሣት ይከብዳል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማቅለሽለሽ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የሚዋጠውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከለንደኑ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ስድስት ሰዎች ጻፈ። የሚገርመው፣ ከስድስቱ አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱንማ ከሩቅ ብቻ ነው ያየው። ዛሬም ቢሆን ምርመራው በዋናነት ማየትና መፈተሽ ነው። የአጎቴ ሐኪም ጣታቸውን ደጋግመው እንዲያነካኩ፣ እንዲጽፉና እንዲራመዱ አደረገ፤ የእጃቸውን አንጓ እያዞረ ግትርነቱን አየ። «የደም ምርመራ ሳይታዘዝ?» ብዬ ተከራክሬው ነበር። በደም አይታወቅም አለኝ። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሕዋሳት እየሞቱ መሄዳቸው ነው ያለው ችግር።

መድኃኒቱ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ በአንድ ላይ ያሉበት ኪኒን ነው። በሽታውን አያጠፋም፤ እንቅስቃሴን ግን ይመልሳል። ሰዓቱን ጠብቆ መዋጥ ይፈልጋል። ከምግብ ጋር ያለው ነገርም የእኛን ቤት አመሰው። ሥጋም ሆነ ወፍራም ሽሮ ከኪኒኑ ጋር ሲገጣጠም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲዋጥ አዘዘ። በዐቢይ ጾም አጎቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብለው ኪኒኑን ዘለሉት፤ በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጠርተን ነው የተስማማነው። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ይነክሳል። አይነሣም። አምና ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ ፈርቼ ነበር፤ ቁልቁለት ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው። ከከበሮው ኋላ ሲሆኑ ግን እንደ ወጣት ወረዱ። ከበሮው ዝም ሲል ቆሙ። ለካ ምት ይረዳል! ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ ስንደርስ «አንድ፣ ሁለት» እያልን እንቆጥራለን፤ ወይም እግሬን ፊታቸው አደርግና ይሻገሩታል።

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ ናት። የነርቭ ሐኪም ከሁሉም ቦታ ባይገኝ እንኳ፣ ይህን ምልክት የሚያውቅ ባለሙያ ወደ ሐኪሙ ሊልክ ይችላል። ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ፤ አንድ የነርቭ ሐኪም አነጋግራችሁ ለአንባቢ በሚገባ ቋንቋ ጻፉልን። ቆርጬ እድር ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እናንተን ሳልጠብቅ መዝገቦቹን ይዤ እቀርባለሁ። ሰው ፊደሉ እንዴት እንዳነሰ በዓይኑ ይይ። አጎቴን አስፈቅጃለሁ። ትንሽ ቆይተው፣ በዚያች በሰለለች ድምፃቸው፣ «የ2006ቱን አስቀድመህ አሳያቸው» አሉኝ።

የእድር ጸሐፊው
ከጎንደር