ስለ ኤምአርአይ ምርመራህ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለወገብህ ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ምርመራ) እንደታዘዘልህና የሥራ ባልደረቦችህ «ማግኔቱ የደምን ብረት ይስባል» እያሉ እንዳስፈሩህ እናትህ ነግራኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርሁ አባትህ ነኝና ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳህ ወደድሁ።

ማግኔቱ በእርግጥ ኃይለኛ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ይህም እዚህ አዳማ ላይ ኮምፓስን ከሚያዞረው የመሬት ማግኔት 40 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይሁን እንጂ የደምህ ብረት እንደ ምስማር ያለ ብረት አይደለም፤ እያንዳንዱ አቶም ሄሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ለየብቻው ታስሮ ይገኛል። ፓውሊንግና ኮርየል የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳዩት፣ ኦክሲጅን የተሸከመው ሄሞግሎቢን ከማግኔት በጥቂቱ ይሸሻል፣ ኦክሲጅኑን የለቀቀው ደግሞ በጥቂቱ ይሳባል፤ ሁለቱም ልብ ደምን ከምትገፋበት ኃይል አጠገብ የሚቆጠሩ አይደሉም።

ይህ ማለት ግን ሰውነት ምንም አይሰማውም ማለት አይደለም። ከማግኔቱ አጠገብ ጭንቅላትን በፍጥነት ማዞር፣ በተለይ ማግኔቱ ከ1.5 ቴስላ የሚበልጥ ሲሆን፣ የውስጠኛውን ጆሮ ሚዛን ስለሚያናጋ ያጥወለውላል። ምስሉ ሲነሳም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው የማግኔት መስክ በሰውነት ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ በዚህም አንዳንድ ሰው ጡንቻው ሲነዝረው ይሰማዋል። የሬዲዮ ሞገዱ በመጠኑ ያሞቃል። እነዚህ ሁሉ ከማሽኑ ስትወጣ የሚያልፉ ናቸው፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለበትም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ዓይንህ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ብየዳ ቤት በምትሠራበት ጊዜ መነጽር ሳታደርግ ብረት ስትፈጭ ፍንጣሪ ገብቶብህ፣ ዓይንህ ደም መስሎ ወደ ቤት መጥተህ ነበር። ፍንጣሪው ወጣ ተባልን እንጂ የቀረ መኖር አለመኖሩ በራጅ አልተመረመረም። እንዲህ ያለ ቅንጣት ለዓመታት ሳያሳምም ዓይን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቅንጣቱ ግን ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ሲንቀሳቀስም አጠገቡ ያለውን ሥጋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ታካሚ በዚሁ ምክንያት ዓይኑ ውስጥ ደም ፈስሶ ማየት ተስኖታል።

ስለዚህ ቅጹን ስትሞላ «ብረት ገብቶብህ ያውቃል?» የሚለውን እንዳትዘለው። ባይጠይቁህም በያጅ እንደነበርህ ራስህ ተናገር፣ አስቀድሞም ዓይንህን ራጅ እንዲያነሱህ ለምናቸው። ማሽኑ ምስል በማያነሳበት ሰዓትም ማግኔቱ አይጠፋምና ቀበቶህን፣ ቁልፍህንና ስልክህን በሩ ላይ ትተህ ግባ። ራጁ ንጹሕ ነው ካሉህ ምርመራውን ያለ ሥጋት አድርግ፤ ከቀጠሮው በፊትም የራጁን ውጤት ደውለህ ንገረኝ።

አባትህ፣ ከአዳማ