አባዬ፣ ሒሳቡን አርምልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቱሉ ዲምቱ ነፋስ ብቻ አላስወጣ አላስገባ ብሎኛል።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥህ። በደወልክ ቁጥር ስለ አንጎሌ ሕመም «ጠፋልሽ ወይ?» ትለኛለህ፤ እኔ «ገና ነው» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ጆሮህም ስለሚያስቸግርህ በስልክ ማስረዳቱ አልሆነልኝም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ላስተማረ ሰው ደግሞ ወረቀት ይሻላል።

አንጎሌ ውስጥ ያለው ዕጢ አይደለም፤ ለእማዬም ንገርልኝ። ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያልፈው በጣም ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች ነው። እኔ ጋ እነዚያ ቀጫጭኖቹ የሉም፤ ደሙ በኃይሉ እንደመጣ ስለሚገባ ሥሮቹ ተጠላልፈው ቋጠሮ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ካለባቸው መቶ ሰዎች በዓመት ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ይደማሉ።

ሕንድ ሄጄ የታከምኩበት ጋማ ናይፍ የሚሉት የጨረር ሕክምና ስሙ እንጂ ቢላዋ የለበትም። (የብረቱን ቀለበት ራሴ ላይ በአራት ብሎን ሲያጠብቁት ግን ቢላዋው በተሻለኝ ብያለሁ።) ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች ቋጠሮው ላይ ይገናኛሉ። ሥሩ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ግድግዳው ከውስጥ እየወፈረ፣ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። ይህ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል፤ እኔ ገና 14 ወሬ ነው። እስኪዘጋ ድረስ የመድማቱ ስጋት አብሮኝ አለ፤ አልደብቅህም።

አሁን እርሳስህን አንሳ። ሐኪሞቹ ውጤቱን አስቀድሞ ለመገመት በፈረንጆች በ2002 የወጣ፣ በ2008 የተሻሻለ ቀመር አላቸው። የቋጠሮውን ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በ0.1 ታበዛለህ፤ ዕድሜን በ0.02 ታበዛለህ፤ ቋጠሮው ጥልቅ ቦታ ወይም የአንጎል ግንድ ላይ ከሆነ 0.5 ትጨምራለህ። የኔ 3 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያኔ ዕድሜዬ 34፤ ቦታው ከግንባሬ በኩል ስለሆነ ዜሮ። 0.3 ሲደመር 0.68፣ ነጥቤ 0.98 ይሆናል። ከቋጠሮው ይልቅ ዕድሜዬ መክበዱን አየህ? እማዬ «አረጀሽ፣ አግቢ» የምትለው ለካ በቀመር ነው!

ነጥባቸው ከ1 ካልበለጠ ሰዎች ከ10 ወደ 9 የሚሆኑት አዲስ ጉዳት ሳይደርስባቸው ይዘጋላቸዋል። ነጥቡ ከ2 ሲያልፍ ግን ተስፋው በጣም ይቀንሳል። እኔ ከ9ኙ ልሁን ከአንዱ ቀመሩ አይናገርም። አንተም ብትሆን «ከዚህ ክፍል አብዛኛው ያልፋል» ትል ነበር እንጂ የማን ልጅ እንደሚወድቅ ከፈተናው በፊት አትናገርም ነበር።

ስለዚህ «ጠፋልሽ ወይ?» የሚለውን ለጊዜው ተውልኝ። ለጥቅምት የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ የዚያኑ ዕለት እደውላለሁ። እማዬ እንጦጦ ጸበል ግቢ ብላለች፤ እገባለሁ፤ የሚጥለኝን የሚከላከለውን ክኒን ግን አላቋርጥም፤ አንተ አስረዳልኝ።

ሒሳቡን አርመህ ይህን ደብዳቤ ባመጣልህ ልጅ እጅ መልስልኝ፤ ቅዳሜ ይመለሳል። ለሕክምናዬ ያስቆረጥከው ባሕር ዛፍ ከጉቶው አቆጥቁጧል አሉኝ። ምን ያህል ደረሰ?

ልጅህ